ስድስት አይሶመር ወይስ አራት? ዓይነቶቹን በምን ልለያቸው?

ጠያቂ፦ የፋርማሲ ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት። የሁለተኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ ነኝ። በቅርቡ በወሰድነው የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ፈተና ላይ «አራት ካርቦንና ስምንት ሃይድሮጅን ያለው ውህድ ስንት አይሶመሮች አሉት? ሁሉንም ሣሉና ስማቸውን ጻፉ» የሚል ጥያቄ ቀርቦልን ነበር፤ አይሶመር የሚባሉት ቀመራቸው አንድ ሆኖ የአቶሞቻቸው አያያዝ ወይም አቀማመጥ የሚለያይ ውህዶች ናቸው። እኔ ቢዩት-1-ኢን፣ ቢዩት-2-ኢን፣ ቢዩት-3-ኢን፣ 2-ሜቲልፕሮፒን እና ሳይክሎቢዩቴን ብዬ አምስት ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ሦስተኛው በቀይ ተሰርዟል፤ ከግርጌውም «መልሱ 6 ነው» ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ ያገኘሁት አራት ብቻ ነው ማለት ነው፤ የጎደሉኝ ሁለቱ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አልተጻፈልኝም።

ሁለቱን ከመጽሐፍ ፈልጌ ላገኛቸው እችል ይሆናል። ከዚህ የባሰ ያስጨነቀኝ ነገር አለ። በማስታወሻዬ ላይ የአይሶመር ዓይነቶች በተርታ ተዘርዝረዋል፤ የሰንሰለት፣ የቦታ፣ የፈንክሽናል ግሩፕ፣ ሜታመሪዝም፣ ቶቶመሪዝም፣ ጂኦሜትሪክ፣ ኦፕቲካልና ኮንፎርሜሽናል ይላል። የእያንዳንዱን ትርጉም በቃሌ እወጣዋለሁ። ሆኖም ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲቀርቡልኝ ከስምንቱ የትኛው ስም እንደሚገባቸው፣ አንዳንዴም ሁለቱ የተለያዩ ውህዶች ይሁኑ ወይም አንዱ ውህድ ሁለት ጊዜ ተሥሎ ይሁን መለየት ያቅተኛል። እናንተ በምን ትለዩታላችሁ? ጊዜ ሰጥቶ ለሚያስረዳኝ ሁሉ አስቀድሜ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

መልስ፦ የኬሚስትሪ መምህር

ወንድሜ፣ የተምታታብህ ስምንቱ ስሞች እኩል ደረጃ እንዳላቸው ሆነው በአንድ ተርታ ስለቀረቡልህ ይመስለኛል። ብዙ ዓመት ሳስተምር ይህንኑ ዝርዝር እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው እየወጡ ሁለት ሥዕል ሲያዩ የሚቸገሩ ጎበዝ ተማሪዎች አጋጥመውኛል። ስሞቹን ለጊዜው ተዋቸውና ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ጠይቅ፤ ስሙ በኋላ ራሱ ይመጣል።

መጀመሪያ አቶሞቹን ቁጠር፤ ቀመሩ አንድ ካልሆነ ስለ አይሶመር መነጋገር አያስፈልግም። ቀመሩ ከገጠመ፣ ማን ከማን ጋር እንደተያያዘ ተመልከት። ከአንዱ ጫፍ ጀምረህ «ይህ ካርቦን እነማንን ይዟል? ቀጣዩስ?» እያልክ በጣትህ እየነካህ እለፍ። የመያያዣው ቅደም ተከተል በሁለቱ ሥዕሎች ከተለያየ መዋቅራዊ አይሶመሮች ናቸው፤ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ማለፍ አያስፈልግህም። የሰንሰለት፣ የቦታ፣ የፈንክሽናል ግሩፕና ሜታመሪዝም የሚባሉት በሙሉ በዚህ በአንዱ ክፍል ውስጥ ለማስተማር እንዲመች የወጡ ንዑስ ስሞች ናቸው። ቶቶመሮችም እዚሁ ይገባሉ፤ ልዩ የሚያደርጋቸው አንድ ሃይድሮጅን ቦታውን እየለወጠ አንዱ ወደ ሌላው በፍጥነት መመላለሱ ነው።

ይህ የመያያዝ ልዩነት ቀላል እንዳይመስልህ። ኤታኖልና ዳይሜቲል ኢተር ሁለቱም ሁለት ካርቦን፣ ስድስት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን አላቸው፤ ኤታኖል በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላ ፈሳሽ ሲሆን ኢተሩ ግን ከዜሮ በታች በ24 ዲግሪ የሚፈላ በመሆኑ በክፍል ሙቀት ጋዝ ነው። ከቅርባችን ምሳሌ ከፈለግህ ደግሞ ከደጋው የሚለቀመውን ጦስኝን ውሰድ። በዘይቱ ውስጥ ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ሁለት ውህዶች አሉ፤ ሁለቱም አሥር ካርቦን፣ አሥራ አራት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን አላቸው። በሁለቱም ስድስት ካርቦን ባለው የቤንዚን ቀለበት ላይ ሜቲሉ (ባለ አንድ ካርቦን ቡድን) እና አይሶፕሮፒሉ (ባለ ሦስት ካርቦን ቡድን) ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የኦክስጅንና ሃይድሮጅኑ ቡድን በቲሞል ከአይሶፕሮፒሉ ጎን፣ በካርቫክሮል ደግሞ ከሜቲሉ ጎን ነው። በዚህ የጎረቤት መለዋወጥ ብቻ ቲሞል እስከ 50 ዲግሪ ገደማ ሳይቀልጥ የሚቆይ ነጭ ክሪስታል ሲሆን፣ ካርቫክሮል በክፍል ሙቀት ፈሳሽ ነው። በማር ውስጥ ያሉት ግሉኮስና ፍሩክቶስም እንዲሁ አንድ ቀመር ያላቸው መዋቅራዊ አይሶመሮች ናቸው፤ ማር ሲረጋ የሚረጋው ግሉኮሱ ነው።

የመያያዣው ቅደም ተከተል አንድ ከሆነ ልዩነቱ በአቶሞቹ የቦታ አቀማመጥ ላይ ብቻ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ «ቦንድ ሳልሰብር፣ ነጠላ ቦንዶችን በማሽከርከር ብቻ አንዱን ወደ ሌላው መለወጥ እችላለሁን?» ብለህ ጠይቅ። የምትችል ከሆነ ሁለቱ ሥዕሎች የአንድ ውህድ ሁለት አኳኋኖች ናቸው፤ ኮንፎርሜሽን የሚባለው ይህ ነው። ኤቴን በነጠላ ቦንዱ ላይ ለመሽከርከር በሞል 12 ኪሎ ጁል ያህል ስለሚበቃው በክፍል ሙቀት ያለማቋረጥ ይሽከረከራል። ድርብ ቦንድን ለማሽከርከር ግን ከ250 ኪሎ ጁል በላይ ስለሚያስፈልግ፣ በድርብ ቦንዱ ግራና ቀኝ ያሉት ቡድኖች በያዙት ጎን ጸንተው ይቀራሉ። በማስታወሻህ ጂኦሜትሪክ የተባሉት ሲስ (ቡድኖቹ በአንድ ጎን ሲሆኑ) እና ትራንስ (በተቃራኒ ጎን ሲሆኑ) የሚፈጠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ማሌይክ አሲድ በ135 ዲግሪ አካባቢ ሲቀልጥ፣ የትራንስ አቻው ፉማሪክ አሲድ ግን በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እንኳ ከ280 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ፈተናህ እንመለስ። አራት ካርቦን ያለው የሞላ ሃይድሮካርቦን አሥር ሃይድሮጅን ሊኖረው ይገባል፤ የአንተ ስምንት ስላለው ሁለት ጎድሎታል፤ ስለዚህ ወይ አንድ ድርብ ቦንድ፣ ወይ አንድ ቀለበት አለው። ከቀለበቶቹ ሳይክሎቢዩቴንን ይዘህ ሜቲልሳይክሎፕሮፔንን፣ ማለትም ባለ ሦስት ካርቦኑን ቀለበት ከአንድ ሜቲል ጋር ረስተሃል። ቢዩት-2-ኢን ያልከው ደግሞ ሁለት ነው፤ ሲሱ በ4 ዲግሪ ገደማ፣ ትራንሱ በ1 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈሉ እውነተኛ ሁለት ንጥረ ነገሮች ናቸው። ቢዩት-3-ኢን የተሰረዘብህ ወረቀቱን ገልብጠህ ከሌላኛው ጫፍ ስትቆጥረው ራሱ ቢዩት-1-ኢን ስለሆነ ነው። ጠቅላላው 6 ሆነ።

በሥዕል ብቻ አትመን። ትንንሽ ድንች ካርቦን፣ በውሃ የራሰ ሽምብራ ሃይድሮጅን፣ ስቴኪኒ ቦንድ ይሁኑልህና ሥራቸው። ለልምምድ አምስት ካርቦንና አሥር ሃይድሮጅን ያለውን ቀመር ሞክርና ስንት እንዳገኘህ ጻፍልን።

ጠያቂ፦ የፋርማሲ ተማሪ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቲሞልና የካርቫክሮልን ሥዕል ጎን ለጎን ሠርቼ በጣቴ እየነካሁ ስቆጥር፣ ለሁለት ወር የተምታታብኝ ነገር በአንድ ማታ ግልጽ ሆነልኝ። የቤት ሥራውን ሠርቻለሁ፤ ያገኘሁት 11 ነው። ድርብ ቦንድ ካላቸው ፔንት-1-ኢን፣ ሲስና ትራንስ ፔንት-2-ኢን፣ 2-ሜቲልቢዩት-1-ኢን፣ 3-ሜቲልቢዩት-1-ኢን እና 2-ሜቲልቢዩት-2-ኢን ስድስት ሆኑ። ከቀለበቶቹ ሳይክሎፔንቴን፣ ሜቲልሳይክሎቢዩቴን፣ ኤቲልሳይክሎፕሮፔን፣ 1,1-ዳይሜቲልሳይክሎፕሮፔን እና 1,2-ዳይሜቲልሳይክሎፕሮፔን አምስት ሆኑ።

አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶኛል። ኦፕቲካል አይሶመር በእርስዎ ቅደም ተከተል የት ይገባል? ኢናንቲኦመርና ዳያስቴሪኦመር የሚሉት ቃላት በመድኃኒት ትምህርታችን ውስጥ ደጋግመው ይመጣሉ፤ እኔም ለሁለቱ የሚሆን ጥርት ያለ መለያ አላገኘሁም።

መልስ፦ የላቦራቶሪ ባለሙያ

የመምህሩን ማብራሪያ በአክብሮት ተቀብዬ አንድ ነገር ልጨምር። ማሽከርከርን የሚከለክለው ድርብ ቦንድ ብቻ አይደለም፤ ቀለበትም ይከለክላል። በቀለበት ውስጥ ያለ ካርቦን ቀለበቱ ሳይሰበር ዙሪያውን ሊሽከረከር አይችልምና፣ በሁለት ካርቦኖች ላይ ያሉ ሜቲሎች ሁለቱም ከቀለበቱ ገጽ በላይ ሊሆኑ ወይም አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ 1,2-ዳይሜቲልሳይክሎፕሮፔን ብለህ በአንድ የቆጠርከው ሲስና ትራንስ አለው፤ ቁጥርህ ቢያንስ 12 ነው። ድንቹንና ስቴኪኒውን አሁኑኑ አትጣላቸው፤ ትራንሱን ከሠራህ በኋላ የመስተዋት ምስሉንም ሥራና አነባብራቸው።

ሌላው የሚያሳስበኝ የአጠራር ጉዳይ ነው። በድርብ ቦንዱ ላይ ያሉት ቡድኖች አራቱም የተለያዩ ሲሆኑ ሲስና ትራንስ የሚሉት ቃላት ያምታታሉ፤ ለዚህ ነው ኢ እና ዜድ የሚባሉት ምልክቶች የወጡት። በየካርቦኑ ላይ ካሉት ሁለት ቡድኖች የአቶም ቁጥሩ የሚበልጠውን ትመርጥና፣ የተመረጡት ሁለቱ በአንድ ጎን ከሆኑ ዜድ፣ በተቃራኒ ጎን ከሆኑ ኢ ትላለህ። ፊደሎቹ የተወሰዱት «አብሮ» እና «ተቃራኒ» ከሚሉት የጀርመንኛ ቃላት ነው። ብዙ ሰው ዜድ ማለት ሁልጊዜ ሲስ ይመስለዋል፤ ስሕተት ነው። 2-ብሮሞቢዩት-2-ኢንን ተመልከት፤ በዜዱ ቅርጽ ብሮሚኑ ከማዶው ሜቲል ጋር በአንድ ጎን ነው፣ ሁለቱ ሜቲሎች ግን በተቃራኒ ጎን ናቸው፤ በሜቲሎቹ ለሚያይ ሰው ትራንስ ነው። በሪፖርት ላይ ይህን ያምታታ ሰው ሌላ ውህድ እንደሠራ ይቆጠራል።

መልስ፦ ፋርማሲስቷ

ወንድሜ፣ ስለ ኦፕቲካል አይሶመርና ስለ ኢናንቲኦመር ለጠየቅኸው እኔ ልሞክር፤ በየቀኑ በእጄ የሚያልፉ ነገሮች ናቸውና።

መምህሩ ካቆሙበት እንቀጥል። መያያዣቸው አንድ ከሆነና በማሽከርከር የማይገናኙ ከሆነ የሚቀረው ጥያቄ «አንዱ የሌላው የመስተዋት ምስል ነውን?» የሚል ነው። የመስተዋት ምስሉ ሆኖ፣ ሁለቱ ቢነባበሩ ግን የማይገጥሙ ከሆነ ኢናንቲኦመሮች ናቸው። የመስተዋት ምስሉ ካልሆነ ዳያስቴሪኦመሮች ናቸው፤ ሲስና ትራንስም በዚህ አመዳደብ ዳያስቴሪኦመሮች ናቸው። ከዚህ የተለየ መለያ የለም።

ኢናንቲኦመሮችን እንደ ቀኝና ግራ ጫማ ቁጠራቸው። ብትመዝናቸው አንድ ናቸው፣ ብትለካቸው አንድ ናቸው፤ ሕፃን ልጅ ገልብጦ ሲያደርጋቸው የሚቆረቁረው እግሩን ነው። የኢናንቲኦመሮችም የመቅለጫና የመፍያ ሙቀታቸው አንድ ነው፤ የሚለያዩት ፖላራይዝድ ብርሃንን (ሞገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚወዛወዝ ብርሃን) አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ በእኩል መጠን በማዞራቸውና፣ ለእኛ ሙያ ዋና በሆነው ነገር፣ በሰውነታችን ውስጥ ካሉ ፕሮቲኖች ጋር ሲገናኙ ነው፤ ፕሮቲኖቹ ራሳቸው ቀኝና ግራ የሚለዩ እግሮች ናቸውና። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1848 ከታርታሪክ አሲድ የተሠራ ጨው ክሪስታሎችን እየተመለከተ አንዱ የሌላው የመስተዋት ምስል የሆኑ ሁለት ዓይነት መሆናቸውን አስተውሎ በወረንጦ አንድ በአንድ ለይቷቸዋል፤ ሁለቱን ክምሮች ለየብቻ አሟሙቶ ብርሃን ሲያሳልፍባቸውም በተቃራኒ አቅጣጫ አዞሩት። ካርቦን አራት ክንዶቹን ወደ አራት ማዕዘናት ዘርግቶ እንደሚቀመጥ ቫንት ሆፍና ለ ቤል ያስረዱት ግን ገና በ1874 ነው።

ለዳያስቴሪኦመር ደግሞ ከኩዊኒንና ከኩዊኒዲን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሁለቱም ከአንድ የሲንኮና ዛፍ ልጥ ይገኛሉ፤ ሁለቱም ሃያ ካርቦን፣ ሃያ አራት ሃይድሮጅን፣ ሁለት ናይትሮጅንና ሁለት ኦክስጅን አላቸው። አቀማመጣቸው ወሳኝ ከሆነው አራት ካርቦኖች ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ ሁለቱ ተገላቢጦሽ ናቸው። አራቱም ቢገለበጡ ኖሮ የመስተዋት ምስል ይሆኑ ነበር፤ ግማሾቹ ብቻ ስለተገለበጡ ዳያስቴሪኦመሮች ሆኑ። ኩዊኒን የወባ መድኃኒት ነው፤ ለማንኛውም የሚዋጥ መድኃኒት ኪኒን የምንለው ቃልም የመጣው ከእርሱ ስም ነው። ኩዊኒዲን ግን የልብ ምት መዛባትን ለማስተካከል ሲሰጥ የኖረ መድኃኒት ነው። በመደርደሪያ ላይ አንዱን በሌላው መተካት ፈጽሞ አይቻልም።

አሁን ደግሞ ተማሪዎች ሁሉ ወደሚሳሳቱበት ቦታ ልውሰድህ። የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሪፋምፒሲን፣ አይሶኒያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኤታምቡቶል አብረው ይወስዳሉ። ኤታምቡቶል አራት የተለያዩ ቡድኖችን የያዙ ሁለት ካርቦኖች አሉት፤ እያንዳንዳቸው አር ወይም ኤስ (የካርቦኑን ሁለት ተገላቢጦሽ አቀማመጦች የሚለዩ ምልክቶች) መሆን ስለሚችሉ ሁለት ጊዜ ሁለት አራት ነው ብለህ ትቆጥራለህ። የሚኖሩት ግን ሦስት ብቻ ናቸው። ሞለኪውሉ ከመካከሉ ቢታጠፍ ሁለቱ ግማሾች አንድ ዓይነት ስለሆኑ፣ አር-ኤስ ያልከው ከሌላኛው ጫፍ ሲነበብ ራሱ ኤስ-አር ነው፤ ልክ ቢዩት-3-ኢን ተገልብጦ ቢዩት-1-ኢን እንደሆነብህ። ይህ ሜሶ ይባላል፤ አንዱ ግማሽ ያዞረውን ብርሃን ሌላው ግማሽ ስለሚመልሰው በድምሩ ብርሃን አያዞርም። በመድኃኒትነት የምንሰጠው ኤስ-ኤሱን ነው፤ የመስተዋት ምስሉ አር-አር በባክቴሪያው ላይ ያለው ኃይል ከእርሱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ደካማ ነው።

በመጨረሻ፣ በየመጽሐፉ የሚገኘውን የታሊዶማይድን ታሪክ በጥንቃቄ እንድታነበው አደራ እልሃለሁ። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ1957 በምዕራብ ጀርመን ገበያ ላይ ውሎ በ1961 እስኪታገድ ድረስ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳያድግ እንዲወለዱ ምክንያት ሆኗል። ብዙዎች «አንዱን ኢናንቲኦመር ብቻ ለይተው ሰጥተው ቢሆን ኖሮ ችግሩ አይደርስም ነበር» ብለው ይጽፋሉ። ይህ አባባል የእናቶችን ሕይወት የሚነካ ስሕተት ነው። የታሊዶማይድ ሁለት ኢናንቲኦመሮች በሰውነት ውስጥ በሰዓታት ጊዜ አንዱ ወደ ሌላው ይለወጣሉ፤ ንጹሑን ለይተህ ብትሰጥም በደም ውስጥ ሁለቱም ይገኛሉ። አይቡፕሮፌንም እንዲሁ ሁለቱም ተደባልቀው ይሸጣሉ፤ ሥራውን የሚሠራው ኤሱ ነው፤ ሰውነታችን ግን አሩን ቀስ በቀስ ወደ ኤስ ይለውጠዋል። ስለዚህ ስለ አንድ መድኃኒት ስታጠና «ኢናንቲኦመር አለውን?» ብለህ አትቁም፤ «በሰውነት ውስጥ እንደተሰጠ ይቆያልን?» ብለህም ጠይቅ።

ጠያቂ፦ የፋርማሲ ተማሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ በተባለው መሠረት ሦስት ድንች በሦስት ማዕዘን አያይዤ፣ ሽምብራውን ሃይድሮጅን፣ የነጭ ሽንኩርት ፍሬውን ሜቲል አድርጌ የትራንስ 1,2-ዳይሜቲልሳይክሎፕሮፔንን ሞዴል ሠራሁ። ከዚያም የግድግዳውን መስተዋት አውርጄ ፊቱ አቆምኩትና በመስተዋቱ ውስጥ የሚታየውን ሁለተኛ ሞዴል አድርጌ ሠራሁት። ሁለቱን ላነባብር ያላዞርኩበት አቅጣጫ የለም፤ አንዱ ነጭ ሽንኩርት ሲገጥም ሌላው ሽምብራ ላይ ይወድቃል። የሲሱን የመስተዋት ምስል ስሠራ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ባዞረው ልክክ ብሎ ገጠመ። ሲሱ እንደ ሜሶው ኤታምቡቶል ነው ማለት ነው፣ ትራንሱ ደግሞ በራሱ ሁለት ነው። ስለዚህ መልሴ ከ11 ወደ 13 ተለውጧል። ትክክል ነኝ?

መልስ፦ የኬሚስትሪ መምህር

ትክክል ነህ፤ 13 ነው። የቀለበቱን ጉዳይ ላሟሉልኝ የላቦራቶሪ ባለሙያም ምስጋናዬ ይድረስልኝ፤ እኔ ድርብ ቦንድን ብቻ ጠቅሼ ማለፌ ጉድለት ነበር። በፈተና ላይ ግን የጥያቄውን ቃል አስተውል። «መዋቅራዊ አይሶመሮች ስንት ናቸው?» ከተባልክ ለዚሁ ቀመር መልሱ 10 ነው፤ አምስት ድርብ ቦንድ ያላቸው፣ አምስት ቀለበቶች። ስቴሪዮአይሶመሮችም (መያያዣቸው አንድ ሆኖ በቦታ አቀማመጥ ብቻ የሚለያዩት) ይቆጠሩ ከተባለ 13 ትላለህ። ጥያቄው ሁለቱን ካልለየ፣ የትኛውን እንደቆጠርክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከመልስህ በላይ ጻፍ። ቀጥለህ አራት ካርቦን፣ አሥር ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን ያለውን ሞክር፤ ከአልኮሎቹ አንዱ የመስተዋት ምስል አለው፤ የትኛው እንደሆነ በድንቹ ፈልገው።